ፍጥነቱን ትታችሁ ቀለሁን እዩ፦ ሦስት በጋ ከ20 ፕራክቲካል ጋር

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ዎል ከምትባለው ትንሽ ከተማ በስተደቡብ፣ አንድ ከብት አርቢ በፈቀደልን የግጦሽ መሬት ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሣር የሚያጠፋ ትንሽ እንስሳ ስንተኩስ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃችንን ሰበሰብንና እንደ ልማዳችን ባዶ ቀለሆቻችንን ቆጠርን። ከእኔ ሁለት ጎደለ፣ ከእሱ አንድ። እኔ ሁለቱን ለሣሩ መርቄ መኪና ውስጥ ገባሁ። እሱ ተንበርክኮ ሣር በሣር ሲዳስስ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀኝ። ባለ መሬቱ ሽማግሌ ከአጥሩ ማዶ አይቶት የጋብቻ ቀለበት የጠፋው መስሎት መጥቶ አብሮ መፈለግ ጀመረ። አንዲት የናስ ቀለህ መሆኗን ሲሰማ ኮፍያውን አስተካክሎ ምንም ሳይናገር ሄደ።

ልዩነታችን የሀብት አይደለም፤ እንዲያውም ደመወዙ ከእኔ ይበልጣል። የእሱ ጠመንጃ 20 ቫርታርግ የሚባለውን ጥይት ይጎርሳል፣ የእኔ ደግሞ 20 ፕራክቲካልን። ሁለቱም ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሱ አይደሉም፤ ባለቤታቸው ከሌላ ጥይት ቀለህ ቀርጾ፣ ባሩዱን መዝኖ፣ አረሩን ሰክቶ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራቸው ናቸው። አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ጥይት ዋይልድካት ይሉታል፤ የዱር ድመት ማለት ነው። የአገሪቱ የጥይት አምራቾች ማኅበር ልኩን መዝግቦ ያላጸደቀው፣ ጌታ የሌለው ጥይት።

ሰዎች የዱር ድመት ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ፍጥነት ነው። በሰከንድ ስንት ጫማ ይሄዳል? እኔ ግን ከሦስት በጋ በኋላ የምለው፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቀለሁ ከየት እንደሚገኝ ነው። አረርና ባሩድ አንዴ ወጥተው አይመለሱም። አብራችሁት የምትኖሩት ከቀለሁ ጋር ነው፤ ይተኮሳል፣ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይለካል፣ እንደገና ይሞላል።

ፍርዱን ከማን እንደምትሰሙ እንድታውቁ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የብረታ ብረት ሥራ ተምሬ ዛሬ ሱ ፎልስ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመቶኛ ሚሊሜትር ጋር ስጣላ ስለምውል በጥይት ጉዳይም ነገር ማጥበቅ ይቀናኛል። ያደግሁት ቡሬ አካባቢ ነው። በልጅነቴ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከማሳው መሐል በተተከለ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ እውል ነበር። ቀን ጦጣ፣ ሌሊት ጃርትና ከርከሮ፤ ከመሬት በታች ደግሞ ፍልፈል፣ እሱን በወንጭፍ የሚያገኘው የለም። አባቴ ከአያቱ የወረሰው ውጅግራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ለበዓልና ለለቅሶ ካልሆነ አይወርድም። ጥይት የሚባክን ነገር አልነበረማ። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ሳንቲም ይመነዘር ነበር። የዚያ ጠመንጃ አፈሙዝ 11 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ አረሩ 25 ግራም ይመዝናል። እኔ ዛሬ የምተኩሰው አረር 2 ግራም ነው። ከአንዱ የአባቴ አረር አሥራ ሁለት የእኔ ይወጣል ማለት ነው። አባቴ ቢያይ ኖሮ ለድንቢጥ ነው ወይ ይለኝ ነበር።

እዚህ ያለው የበቆሎ ሳይሆን የሣር ጠላት ነው። ፕሬሪ ዶግ ይሉታል። ውሻ የተባለው በጩኸቱ ነው እንጂ ከውሻ ጋር ዝምድና የለውም። ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይርቅ፣ እንደ ፍልፈል የሚቆፍር፣ ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን የሚታዘብ እንስሳ ነው። በመቶ የሚቆጠሩት አንድ ላይ ሰፍረው ሣሩን ከሥሩ ይላጩታል፤ አርቢው ለከብቱ ያሰበው ግጦሽ የቁፋሮ ሜዳ ይሆናል። ከሱ ፎልስ ተነስቼ ቻምበርሌን ላይ የሚዙሪን ወንዝ ስሻገር የበቆሎው አገር አልቆ የከብቱ አገር ይጀምራል። እስከ ዎል ከአራት ሰዓት በላይ ይነዳል፤ መንገድ ላይ የሰዓት ክልሉ ስለሚለወጥ አንድ ሰዓት በነፃ ይሰጡናል። ስንመለስ ይወስዱታል እንጂ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ አትወድም። «አንተ ሰውዬ፣ ለማይበላ ነገር ይህን ያህል መንገድ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም ማለት ይቀላል። ማማ ላይ ሳለሁም ጦጣ አንበላም ነበር፣ እላታለሁ። «ያኔ የምትጠብቀው የራስህን በቆሎ ነበር» ትላለች። በዚህ ክርክር እስካሁን አላሸነፍኩም።

እንግዲህ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ሃምሳ ያርድ ርቀት ላይ የቆመ ዒላማ የውሃ ጠርሙስ ያህል ነው። የሜዳው ነፋስ ደግሞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የገዛሁት 22-250 ነበር። ይህ ጥይት ራሱ የዱር ድመት ሆኖ ነው የኖረው። የ250 ሳቬጅን ቀለህ አንገት አጥብበው ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት በየቤታቸው ሲሠሩት ከቆዩ በኋላ፣ በ1965 በፈረንጆች አቆጣጠር ሬሚንግተን ኩባንያ ክርስትና አነሳው። ጉልበቱን አልክድም፣ ከሩቅም ይደርሳል። ግን ሃያ ጥይት ባልሞላ ጊዜ ቱቦው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ያኔ የጠመንጃውን መቀባበያ ከፍቶ እስኪቀዘቅዝ ቡና መጠጣት ነው። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ቃታውን ስስብ ጠመንጃው ዘሎ መነጽሩ ከዒላማው ላይ ይነሳል፣ ሲመለስ ነገሩ አልቋል። መታሁ ሳትኩ የሚነግረኝ ባልደረባዬ ነበር። ተኩሼ ውጤቱን ከሰው መስማት የራሴን ደብዳቤ በሰው እንደማስነበብ ሆነብኝ።

ስለዚህ ወደ ትንንሾቹ ወረድኩ። መመዘኛዬ የራሴን ምት በራሴ መነጽር ማየት ሆነ።

ከሁሉም የሚያንሰው 17 ካሊበር ነው፤ አረሩ 4.37 ሚሊሜትር ይሰፋል። ከዚህ ወገን የዱር ድመቶቹ ዝነኛ 17 ማክ ፎር ይባላል፤ 221 ፋየርቦል ከሚባል የፋብሪካ ጥይት ቀለህ የሚሠራ ሲሆን ሬሚንግተን በ2007 ከእሱ ብዙ የማይለይ ጥይት በራሱ ስም አውጥቷል። አንድ ጓደኛዬ ያለውን ተውሼ አንድ ቅዳሜ ተኮስኩበት። ግፊት የሚባል ነገር የለም፣ ጠመንጃው ትከሻ ላይ ያስነጠሰ ያህል ነው። ምቱን ከነአቧራው አየሁት፤ ተደሰትኩ። ማታ ለመሙላት ስንቀመጥ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ባሩዱ በዚያች አንገት አልወርድ ብሎ ማስረጊያው ላይ ይሰካል፤ በጣት እየነኩ ማውረድ ነው። ቀለሁ ትንሽ ስለሆነ የአንድ ግሬን (ባሩድና አረር የሚመዘንበት ትንሽ መለኪያ) አንድ አሥረኛ ስሕተት የምትናቅ አይደለችም። ማጽጃው ዘንግ የስፌት መርፌ ያህል ቀጥኖ ይታጠፋል። ቱቦውም ቶሎ ቶሎ መጽዳት ይፈልጋል። በእኔ ዕድሜና በእኔ መነጽር፣ የዓይኔን ማለቴ ነው፣ ይህ አይሆንም አልኩ።

ቀጥሎ ያለው 20 ካሊበር ነው፤ አረሩ 5.18 ሚሊሜትር። እውነቱን ለመናገር በዚህ ልክ ጥሩ የፋብሪካ ጥይት አለ። ሆርናዲና ሩገር የተባሉ ኩባንያዎች በ2004 ያወጡት 204 ሩገር፣ ከ222 ሬሚንግተን ማግነም ቀለህ የተሠራ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ 32 ግሬን የሚመዝነውን አረር በሰከንድ ከ4200 ጫማ በላይ ያስኬዳል ተብሎ ነው የሚሸጠው፤ ይህ ወደ 1290 ሜትር ይጠጋል። ጥይት የመሙላት ፍቅር ከሌላችሁ 204 ገዝታችሁ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ፤ አልቀየምም። ለእኛ ለዱር ድመት ወዳጆችም ውለታ አለው። እሱ ከመጣ ወዲህ የ20 ካሊበር አረር በየሱቁ ይገኛል።

ታዲያ ለምን አልገዛሁትም? በቀለሁ ምክንያት። የ204 ቀለህ 47 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ሰው ተኩሶ ጥሎት የሚሄድ አይደለም። የ223፣ በየሱቁ የሚደረደረው የፋብሪካ ጥይት፣ ቀለህ ግን በአሜሪካ ከቆርኪ ቀጥሎ የሚረገጥ ናስ ነው። እኔ የምለማመድበት የተኩስ ሜዳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባልዲ ይዞ መሄድ ይበቃል። አስፈቅጄ ነው የምለቅመው፤ ጠባቂው ሲያየኝ መጥረጊያም ይሰጠኛል።

ከ223 ቀለህ የሚሠሩ ሁለት የታወቁ 20 ካሊበሮች አሉ። የቆየው ቶድ ኪንድለር የተባለ አሜሪካዊ ያወጣው 20 ታክቲካል ነው። ይኸው ሰው ባልደረባዬ የሚምልበትን 20 ቫርታርግንም ያወጣ ነው፤ በዚህ ጎራ ስሙ የሚጠራ ነው። 20 ታክቲካል የቀለሁን አንገት ከማጥበብ አልፎ ትከሻውንም ወደ 30 ዲግሪ ያቀናዋል። ለዚህ የራሱ ማጥበቢያ ያስፈልገዋል፤ ቀለሁም ሙሉ ቅርጹን የሚይዘው አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ነው። 20 ፕራክቲካል ግን ትከሻውን በነበረበት በ23 ዲግሪ ይተወዋል። አንገቱን ብቻ ከ5.69 ወደ 5.18 ማጥበብ፣ አለቀ። ለ223 የተሠራ፣ ቡሽንግ (አንገቱን የሚያጠብበው ቀለበት) የሚቀየርለት ተራ ማጥበቢያ ይበቃዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት በሜዳ ላይ የሚታይ አይደለም፤ ለዚያች ብዬ ሌላ ዕቃ አልገዛም። ስሙም ደስ አለኝ። ፕራክቲካል፣ ሥራ የሚሠራ።

ቫርታርግን ሳልነካ ባልፍ ባልደረባዬ ያኮርፈኛል። ቀለሁ የ221 ፋየርቦል ነው፣ 35.6 ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም። ባሩድ ቆጣቢነቱ ያስቀናል። ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ7000 ግሬን ባሩድ፣ እሱ ከ350 በላይ ጥይት ይሞላል፤ እኔ 260 ገደማ፤ በቀድሞው 22-250 ደግሞ 200 አይሞላልኝም ነበር። በኮሮና ዘመን ባሩድና መለኮሻ ከመደርደሪያ በጠፋ ጊዜ ይህ ቀልድ አልነበረም። ቱቦው ቶሎ አይግልም፣ ጠመንጃውም ከእኔው የተሻለ ጥይቶቹን አንድ ቦታ ላይ ይሰበስባል። ይህን በጽሑፍ ሳሰፍር የመጀመሪያዬ ነው። ግን ቀለሁን ከፋብሪካው ገዝቶ ነው፤ አንዷ ስትጠፋ ያየሁትን አይቻለሁ። ሰውዬው ለአደን ወጥቶ ለቀማ ነው የሚውለው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጠመንጃው የሳቬጅ ኩባንያ ነው፣ በእጅ እየተሳበ የሚቀባበል። የመረጥኩት ቱቦው በትልቅ ዳዶ ስለሚታሰር ነው። መለኪያ ብረት፣ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ጋራዡ ውስጥ ቱቦ መቀየር ይችላል። 24 ኢንች የሚረዝም፣ ውስጡ የተቀረጸው ጠመዝማዛ በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር ቱቦ ከአንድ ባለሙያ አዘዝኩ። የከፈልኩት ከ400 ዶላር በላይ ነው፤ መለኪያውና ማጥበቢያው ሲጨመሩ 600 አለፈ። ማጥበቢያውን ያዘዝኩበት ቀን ለባለቤቴ የነገርኳት 400ውን ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የሚመለከተው የዱር ድመትን ሊያሳድግ ያሰበን ሰው ሁሉ ነው። አንገት ሲጠብ ናሱ የትም አይሄድም፣ ወደ ራሱ ተሰብስቦ ይወፍራል። ጥይቱ ጠመንጃው ውስጥ ሲገባ በአንገቱና በማረፊያው፣ ማለትም ጥይቱ በሚተኛበት የቱቦ ጉድጓድ፣ ግድግዳ መካከል ክፍተት መኖር አለበት። ባሩዱ ሲነድ አንገቱ ሰፍቶ አረሩን የሚለቀው በዚያ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከሌለ አንገቱ አረሩን አንቆ ይይዘዋል፣ ግፊቱም መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ያያል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ የተኳሹ ፊት ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲደርሰኝ መጀመሪያ የፈለግሁት የማረፊያውን የአንገት ልክ ነበር። በወረቀቱ ላይ የለም። ደውዬ ስጠይቅ ባለሙያው «መደበኛው ነው» አለኝ። ለዱር ድመት መደበኛ የሚባል ነገር አለ ወይ? ያልተመዘገበ በመሆኑ አይደለም እንዴ የዱር ድመት የተባለው! ሁለተኛ ደወልኩ፣ ያው መልስ። ሦስተኛ ጊዜ ስልኩን አላነሳም።

ራሴ ለካሁት። ሴሮሴፍ የሚባል፣ ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ ብረት አለ። ማረፊያው ውስጥ ይፈሳል፣ ሲረጋ ተገፍቶ ይወጣል፤ የጉድጓዱን ቅርጽ ልክ እንደ ማኅተም ይዞ ይመጣል። እርሳስና ካድሚየም ስላለበት ባለቤቴ ከማእድ ቤት አባረረችኝ፤ ልክ ነበረች፣ በሩ ተከፍቶ ጋራዥ ውስጥ ነው የተሠራው። አንገቱ 5.92 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ከተለያየ ፋብሪካ የለቀምኳቸውን ቀለሆች አጥብቤ፣ አረር ሰክቼ በካሊፐር ለካኋቸው። አብዛኞቹ 5.82 ነበሩ፣ ክፍተቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር፣ መልካም ነው። ከአንድ ወገን የመጡት ወፍራሞች ግን 5.87 ደረሱ። ሳልለካ ብተኩሳቸው ኖሮ ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ምናልባት በሚባል ነገር ላይ ግን ጉንጬን አላሳርፍም። ሁሉንም ለይቼ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሣጥን ከተትኳቸው። የማይከፈልበት ቀለህ ጥቅሙ ይህ ነው። መጣል አይጨንቅም።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የወታደር ቀለህ ከሆነ መለኮሻዋ ዙሪያዋን ተጠርቅማ ስለምትመጣ ጠርዙ መስተካከል አለበት፤ ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሬዲዮ ከፍቼ እሠራዋለሁ። አንገቱ በደንብ ቅባት ተቀብቶ በሁለት ቡሽንግ፣ በሁለት ደረጃ ይጠብባል። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ የሞከርኩ ቀን ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ቀለሆች ሰባቱ ትከሻቸው እንደ አኮርዲዮን ተጨማደደ። ናሱ ስለሚደነድን ጥቂት ዙር ከተተኮሰ በኋላ አንገቱን በእሳት ማለዘብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። ከዚያ በንዝረት ማጠቢያው ውስጥ ከተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ጋር ሲሽከረከር ያድርና እንደ ወርቅ ያበራል። በቆሎውን ለማዳን ስንት ሌሊት ማማ ላይ ያደርኩ ሰው ዛሬ ቆረቆንዳ በገንዘቤ እገዛለሁ።

የባሩድ ልክ ከእኔ አትጠይቁ፣ ከማንም ወዳጃችሁም አትውሰዱ። ለዱር ድመት በየመጽሐፉ የተመዘገበ ልክ ጥቂት ነው፤ ይህ ከጉድለቶቹ አንዱ ነው። የታተመ ልክ ፈልጎ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ መውጣት እንጂ አቋራጭ የለውም። በእኔ ጠመንጃ 32 ግሬኑ አረር በሰከንድ 3900 ጫማ አካባቢ ላይ ሲደርስ ቆምኩ፤ 40 ግሬኑ በ3600 አካባቢ። ከ204 ያነሰ ነው፤ ይነስ። ፕሬሪ ዶጉ ልዩነቱን ሲናገር አልሰማሁም።

ሜዳ ላይ እንዴት ነው? የፈለግሁትን ሰጠኝ። ቃታ ስስብ መነጽሩ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። አቧራው ሲነሳ፣ በስተቀኝ አንድ ስንዝር መሳቴን በዓይኔ አይቼ ቀጣዩን አስተካክላለሁ። ወደ ዕረፍት ሳልሄድ ሠላሳ ጥይት እተኩሳለሁ። በ100 ያርድ አምስት ጥይት ግማሽ ኢንች ውስጥ ይሰበሰብልኛል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ቀላሉ 32 ይበቃል፤ ነፋሱ ሲነሳ ወደ 40ው እሻገራለሁ። የሆርናዲ ቪ-ማክስ 40 ግሬን አየር የመቅደድ ቁጥሩ 0.275 ሲሆን የ32ቱ 0.210 ነው፤ ሦስት መቶ ያርድ ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። የ40ውን አረር ያልሞከረ ሰው 20 ካሊበርን በነፋስ ቢያማ አልፈርድበትም፣ እኔም የመጀመሪያውን በጋ ሳማው ነው የከረምኩት።

የሚያስከፋውንም ልናገር። ሁለተኛው በጋ ላይ በሁለት ቀን ጉዞ መጀመሪያ ቀን ማታ ጥይት አለቀብኝ። በቅርብ ያለው ሱቅ ውስጥ 223 እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ለእኔ ግን አንዲት አልነበረችም። በማግሥቱ የባልደረባዬ ሹፌርና ቡና አፍይ ሆኜ ዋልኩ። ሌላው፣ ጠመንጃውን ልሸጥ ብል ገዢ የለም፤ ከእነ ቱቦው የምወደው እኔ ብቻ ነኝ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። የቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ አሁንም 223 ይላል። መደበኛ የ223 ጥይት በእኔ ጠመንጃ አይገባም፣ አንገቱ ይሰፋል። የእኔ ጥይት ግን በማንም የ223 ጠመንጃ ውስጥ ሰተት ብላ ትገባለች፤ አረሯ ደግሞ ለዚያ ቱቦ ቀጭን ናት። አንድ ቀን የተኩስ ሜዳ ላይ ከጎኔ የነበረ ወጣት ከጠረጴዛዬ የተንከባለለች ጥይት አንስቶ፣ የራሱ መስላው፣ ወደ ጠመንጃው ሲወስዳት እጁን ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዷን ቂጥ በቀይ ቀለም እቀባለሁ፣ ሣጥኑም ቀይ ነው፣ ቱቦው ላይም ስሙ ተቀርጿል።

ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ፣ ፈቃድ አውጡ፣ ባለ መሬቱንም በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። የሞተውን እንስሳ በእጅ አትንኩ፤ ቁንጫው የወረርሽኝ በሽታ ሊይዝ ይችላል። ኮናታ ቤዚን የሚባለው የመንግሥት ሣር ምድር ላይ ፕሬሪ ዶግ መተኮስ ክልክል ነው። እዚያ ባለ ጥቁር እግር ፌረት አለ፤ ሸለምጥማጥ የሚመስል፣ ኑሮው በፕሬሪ ዶግ ላይ የተመሠረተ አዳኝ ነው። በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ አንድ የእርሻ ውሻ አንዱን ገድሎ እስኪያመጣ ድረስ ከምድር ጠፋ ተብሎ ነበር። ሌላው የአረሩ ነገር ነው። የእርሳስ አረር እንስሳው ውስጥ ይበታተናል፤ ያንን በድን ንስርና ጭልፊት ይበሉታል፣ መርዙም ወደ እነሱ ይሻገራል። ለዚህ ሲባል እርሳስ የሌለበት 24 ግሬን አረር በ20 ካሊበር ይሠራል። ባለፈው በጋ ሁለት ሣጥን ተኩሼ አይቻለሁ፤ ከነፋስ ጋር ደካማ ነው፣ ከ200 ያርድ በታች ግን ምንም አይወጣለትም። ለቅርቡ እሱን መጠቀም ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «ለንስሩ ካዘንክ ለሌላውም ታዝናለህ» አለች።

ቱቦው እስካሁን ከ3000 በላይ ጥይት ተኩሷል። ጉሮሮው መበላት ጀምሯል፤ ግማሽ ኢንች የነበረው ስብስብ ወደ ሦስት ሩብ ሰፍቷል። ባልደረባዬ አሁኑኑ ወደ ቫርታርግ ግባ እያለ ሲወተውተኝ ከረመ፤ ሃምሳ የራሱን ቀለሆች ለመነሻ ሊሰጠኝም ቃል ገብቷል፤ ከእሱ እጅ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። አመሰገንኩት። ቀጣዩን ቱቦ ከሌላ ባለሙያ አዝዣለሁ፣ ያንኑ 20 ፕራክቲካል። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት የማረፊያውን የአንገት ልክ በጽሑፍ ተቀብያለሁ፦ 5.92።